የአባዬ ኬላ

መኪና ድልድይ ላይ ሲወጣ ጎማው የብረቱን መገጣጠሚያ የሚመታበት ድምፅ አለ፤ መጀመሪያ የፊቱ፣ ቀጥሎ የኋላው፣ ዱብ ዱብ። ብዙ ሰው ልብ አይለውም። እኔ ግን የትም ከተማ ብሆን፣ እንቅልፍ ይዞኝ እንኳ ቢሆን፣ ያ ድምፅ ሲመጣ ዓይኔን እገልጣለሁ፣ እጄም ሳላዘው የመቀመጫውን ጠርዝ ይይዛል፣ ወዲያውም የልጅነቴ መኪና ሽታ፣ የጨው፣ የእርጥብ ምንጣፍና የተቆላ ገብስ ሽታ፣ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ አፍንጫዬን ይሞላዋል።

ያደግሁት ከሴንት ፖል ከተማ ወንዝ ማዶ ባለችው ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ነው። አባዬ ደረጀ የስቴቱ የመንገድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ ሥራውም ድልድዮችን መንከባከብ ነበር። በበረዶው ወራት እየጠረገ ጨው ይበትንባቸው፣ በረዶው ሲቀልጥ ያንኑ ጨው በውኃ ያጥብላቸው፣ ሙቀቱ ሲገባ ስንጥቃቸውን ይደፍንላቸው ነበር። ማታ እራት ላይ ስንቀመጥ የሌላው ልጅ አባት ስለ ኳስ እንደሚያወራ፣ የእኔ አባት የትኛው ድልድይ ዝገት እንደጀመረው፣ የትኛው ጫፉ እንደተፈረፈረ፣ የእርግብ ኩስ ብረት እንዴት እንደሚበላ እየዘረዘረ፣ እንጀራውን በእጁ እንደያዘ ሳይጎርሰው ይቆይ ነበር። ይወዳቸው ስለነበር ነው፤ ሰው የሚወደውን ዘመዱን ሕመም ለሁሉም እንደሚያወራ ማለት ነው።

እማዬ አስካለ ታዳምጠው ነበር። እያዳመጠችም ማኘክ ታቆም ነበር።

እማዬ ፈሪ ሴት አልነበረችም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ሰው እንዳይስቅባት። ኢገን ውስጥ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራ ነበር፣ በረዶ ረግቶ መንገዱ መስታወት በሆነበት ጠዋት ሌላው ሰው ደውሎ ሲቀር እሷ መኪናዋን አሙቃ፣ መስኮቷን ፍቃ ትወጣ ነበር። ድልድይ ላይ ግን መሪ አትይዝም። አንድም ቀን ይዛ አታውቅም። ሰፈራችን በሁለት ወንዞች መካከል የተቀመጠ ስለሆነ ሥራዋም፣ ትምህርት ቤቴም፣ ገበያውም በእኛ በኩል ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ዘመዶቻችንና የዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቆች ደግሞ ሁሉም ወዲያ ማዶ ነበሩ። ስለዚህ ወደ ማዶ የምንሄደው አባዬ ሲነዳ ብቻ ነበር።

ያኔም ቢሆን የመጀመሪያው ዱብ ሲሰማ እማዬ ዓይኗን ጨፍና አቡነ ዘበሰማያት ትጀምርና እስከ መጨረሻው ዱብ አትገልጠውም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ድልድዮቹን በጸሎቷ እለካቸው ነበር። ትንንሾቹ ጸሎቱ ሳይጋመስ ያልቁ ነበር፣ ከስሚዝ አቬኑ ወደ ሴንት ፖል የሚያወርደው ሃይ ብሪጅ ግን ጸሎቱን አስጨርሷት እንደገና ያስጀምራት ነበር። ጸሎቱ ለድልድይ የተሠራ ይመስለኝ ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲለው ምንጣፉን በእግሬ ገለጥ አድርጌ ሥሩ ውኃ ይኖር እንደሆነ አይ ነበር። እማዬ በቁንጥጫ ታስተካክለኝ ነበር።

አንድ ዓመት በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ሲል፣ ከዩኒቨርሲቲ አቬኑ ዳር የምትኖረው አክስቴ ገነት ማርገዟን ነገረችን። የእማዬ አንድ እህት እሷ ናት፤ እናታቸው ስትሞት ትንሽ ስለነበረች ያሳደገቻት እማዬ ናት። ገነት ልጅ ለምና ለምና፣ ሰውም መጠየቅ ትቶ፣ እሷም መመለስ ሰልችቷት በነበረበት ጊዜ ነው የመጣላት። እማዬ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰችና «ገንፎሽን ከእኔ እጅ ነው የምትበዪው፣ ሰማሽ? ሌላ ሰው ድርሽ አይልም» አለቻት። ገነት ሳቀች። «መቼ እንደምወልድ ታውቂያለሽ? ስኖው ላይ ነው። ደረጀ ሥራ ላይ ይሆናል። ማን ድራይቭ ያደርግልሻል?» አለቻት። እማዬ አልሳቀችም። በረዶ በጣለ ቁጥር አባዬ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የእኛ እንዳልሆነ ታውቃለች።

አባዬ ነገሩን እንደ ሥራው ያዘው። ድልድዮቹ ከጨው በሚታጠቡበት ሰሞን አንድ ቅዳሜ ሁለታችንንም ወስዶ ከአንዱ ድልድይ ሥር አቆመን። ውኃው ከላይ በየብረቱ እየወረደ፣ ፀሐይ እየገባበት፣ ጨዋማ ጭጋግ ከንፈራችን ላይ እያረፈ፣ እንደ ሕልም ያለ ቦታ ነበር፤ አፌን ከፍቼ ጭጋጉን እቀምሰው ነበር። አባዬ ድልድዩ በምሰሶው ላይ የተቀመጠበትን ወፍራም ብረት በኩራት እያሳየ «አየሽ አስኩ? ይኼ ይንቀሳቀሳል» አላት።

«ምኑ?»

«ድልድዩ ነዋ። በሙቀት ይረዝማል፣ በብርድ ያጥራል። የማይንቀሳቀስ ድልድይ ነው የሚሰነጠቀው።»

እማዬ ሌላ ሚስት እንዳለችው የነገራት ይመስል አየችው። «ይንቀሳቀሳል? እስከ ዛሬ እየተንቀሳቀሰ ነው እኔን ላዩ ላይ የምትወስደኝ?» አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታም ወደ መኪናው ሄደች። አባዬ ምን እንዳጠፋ አልገባውም ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ አንድም ድልድይ መንገዳችን ላይ አልነበረም፣ እሷ ግን ጸሎቷን ስትል ሰማኋት።

ሙቀቱ ሲገባ የአባዬ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሙሉጌታ እንደ ልማዱ ሊጠይቀን መጣ። ጋሼ ሙሉጌታ በሚኖርበት ትልቅ ከተማ ድልድዮቹና የወንዝ ሥር መተላለፊያዎቹ የሚታለፉት በገንዘብ ነበር፤ እነሱን የሚያስተዳድር የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቀጥሮት፣ ድልድዩ አፍ ላይ ባለች የመስታወት ጎጆ ውስጥ ቆሞ ከመኪኖች ክፍያ ይቀበል ነበር። እማዬ «ባለ ኬላው ጌታ መጡ» ትለው ነበር፤ በአንቱታም ቢሆን ትቀልድበታለች። ቆሎ ከኪሱ አይጠፋም፤ እዚያች ጎጆ ውስጥ ቀኑን የሚገፋው እሱን እየቆረጠመ እንደሆነ ይነግረን ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ኋላ ሣሩ ላይ ወንበር አውጥተን ተቀምጠን ሳለ፣ ጋሼ ሙሉጌታ ቆሎውን በመዳፉ እያሸ «ድልድይ ትፈሪያለሽ አሉ» አላት።

እማዬ አባዬን በዓይኗ ገላመጠችው። «ማን ነገረዎት ጋሼ?»

«ይነግሩኛል። ደግሞ ምን አለበት? እኔ የማላየው ፈሪ አለ መሰለሽ? በጠዋት ክራቫቱን አስሮ፣ ትልቅ መኪና ይዞ ይመጣል፣ እጁን ስታይው መሪውን ሙጭጭ አድርጎታል። አንዷማ አለች፣ ነርስ ናት መሰለኝ፣ መልሷን ከተቀበለችም በኋላ አትሄድም፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።»

«ታዲያ ምን ይሏታል?»

«በሰላም ያሻግርሽ እላታለሁ። ለሁሉም እላለሁ፣ በአማርኛ። እነሱ ሀቭ ኤ ናይስ ዴይ ያልኳቸው ይመስላቸዋል መሰለኝ። ብቻ ይሄዳሉ።»

አባዬ ጣልቃ ገብቶ «እኔ ስቲሉን ባሳያት ነው የሚሻለው፣ ባለፈው በደንብ ስላላየችው ነው እንጂ…» ብሎ ሲጀምር ወንድሙ አላስጨረሰውም። «ዝም በል አንተ! በየማታው ዝገት ዝገት እያልክ ያስፈራሃት አንተ ነህ!»

ቀልዶ ነበር፤ ቀልድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አባዬ ግን አልሳቀም። እማዬን አየ፣ እማዬ ደግሞ አይደለም አላለችም፣ ሣሩን አየች። አባቴ እንደዚያ ደንግጦ አይቼው አላውቅም።

ጋሼ ሙሉጌታ ሊሄድ ሲል እማዬ ለመንገዱ ገብስና ሽምብራ ቀላቅላ ቆላችለት፤ በመጨረሻው ቀን ሮበርት ስትሪት ገበያ ስትወስደው ግን ከከረጢቱ እየዘገነ ሄዶ፣ መኪናዋ በር ኪስ ውስጥ ረስቶት ቀረ። ስትደውልለት «ተይው፣ ስመጣ እበላዋለሁ» አላት። እሷም ተወችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ እራት ላይ ስለ ድልድይ ማውራት አቆመ። «ሥራ እንዴት ነበር?» ስትለው «ደህና» ይላል፣ ይጎርሳል፣ ይነሳል። ቤታችን ውስጥ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ጎልቶ ይሰማ ነበር። እማዬ ያስፈራት የነበረው ወሬ ሲቀር ደስ ይላታል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ እሷ ግን ሳህን እያጠበች መለስ ብላ ታየውና አንድ ነገር ልትጠይቀው ፈልጋ ትተወዋለች። ያንን ዝምታ ጠላሁት።

ቅጠሎቹ ቢጫ ሲሆኑ እማዬ ለአባዬ ሳትነግረው ልምምድ ጀመረች። እሁድ ከሰዓት በኋላ እኔን ከኋላ አስቀምጣ፣ በስሚዝ አቬኑ ቀስ ብላ ትነዳና ሃይ ብሪጅ አፍ ላይ ትደርሳለች። ከእኛ በኩል ድልድዩ ከገደሉ አናት ተነስቶ ወደ ከተማው ቁልቁል ስለሚወርድ፣ ከመኪናው ውስጥ ሲታይ መንገዱ ወደ ሰማይ የሚገባ ይመስላል። እኔ እዚያ ስንደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። እሷ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ ታበራና ወደ ቀኝ ትታጠፋለች።

«ዛሬ ነፋስ አለ» ትላለች። በሌላው እሁድ «ዛሬ መኪናው በዛ» ትላለች። እኔ ደግሞ «ኢትስ ኦኬ፣ ማሚ» እላታለሁ፤ ድምፄ ግን ኦኬ አልነበረም መሰለኝ፣ ምክንያቱም በመስታወቱ እያየችኝ «አውቃለሁ፣ ሆዴ» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን አባዬ የት ዋላችሁ ሲለኝ ሁሉንም ነገርሁት። ጓንቶቹን ማሞቂያው ላይ አገላብጦ ወጣ።

ከዚያ በረዶው መጣ። አንድ ዓርብ ጠዋት መጣል ጀምሮ፣ ቅዳሜንም ውሎ፣ እሁድ ሲነጋ ዓለሙ ሁሉ ድምፁ ጠፍቶ ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ገነት በዚያ መሐል ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። እማዬ ሆስፒታል መድረስ አልቻለችም። አባዬ ከዓርብ ጀምሮ ቤት የገባው ልብስ ለመቀየርና ለማሸለብ ብቻ ነበር። እሁድ ረፋዱ ላይ ገነት ቤቷ ገብታ ደወለች። እማዬ ስልኩን ክፍት አድርጋው ስለነበር ሰማኋት፤ ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

«እትዬ፣ ጎረቤቴ ገንፎ ላገንፋልሽ አለችኝ። ቅር ይልሻል?»

ጥፋትሽ ነው አላለቻትም፣ አልመጣሽም አላለቻትም። ቅር ይልሻል ብላ ፈቃድ ነው የጠየቀቻት። እማዬ «ጠብቂኝ» ብላ ስልኩን ዘጋችና ውኃ ጣደች።

ስታገነፋ አላናገረችኝም። ዱቄቱን እየነሰነሰች፣ ማማሰያውን በሁለት እጇ ይዛ እያሸች፣ ላቧ በጆሮዋ ሥር እየወረደ ጨረሰችና፣ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤውንና በርበሬውን አፍስሳ፣ ከነድስቱ በፎጣ፣ ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ያንን ጥቅል እኔ ጭን ላይ አስቀመጠችው። ሙቀቱ በካፖርቴ አልፎ ሆዴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ለአባዬ ደወለች።

«የት ነህ?»

«ስሚዝ ላይ። ድልድዩን ጠርጌ አሁን መጣሁ። አስኩ፣ ሺፍት ላይ ነኝ፣ ልነዳልሽ አልችልም…»

«ንዳልኝ መች አልኩህ? እዚያው ቆይ።»

ስንደርስ የአባዬ በረዶ መጥረጊያ መኪና ከመንገዱ ዳር ብልጭ ድርግም እያለ ቆሟል። እሱ ወርዶ፣ ብርቱካንማ ሰደርያውን ለብሶ፣ ጢሙ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ፣ መንገዱ መሐል እጁን ዘርግቶ እንደ ትራፊክ ቆሞ ነበር። ሌላ መኪና በአካባቢው አልነበረም። እማዬ የመጨረሻዋን መታጠፊያ ፍሬቻ ሳታበራ አለፈቻት። አባዬ ጋ ስትደርስ ቆመችና መስኮቷን አወረደች፣ ብርዱም ተንደርድሮ ገባ።

አባዬ ጎንበስ አለ። ጠባዩን አውቀዋለሁ፤ ጠርጌዋለሁ፣ ጨው በትኛለሁ፣ ብረቱ ደህና ነው ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ከዚያ ጓንት ያጠለቀ መዳፉን በመስኮቱ አስገብቶ ዘረጋ።

«ኬላ ነው» አለ።

«ምን?»

«ኬላ ነው፣ እመቤቴ። ሳይከፈል አይታለፍም።»

እማዬ መዳፉን አየችው፣ ፊቱን አየችው። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። እጇን ወደ በሩ ኪስ ሰደደችና የጋሼ ሙሉጌታን ከረጢት አወጣች፤ ብርዱ ቆሎውን ጠጠር አድርጎታል። አንድ እፍኝ ዘግና መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። አባዬ በቁም ነገር አየው፣ ወደ አፉ ወረወረው፣ ሲቆረጥመው ድምፁ በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ ይሰማ ነበር።

«በሰላም ያሻግርሽ» አለና ወደ ኋላ ራቀ።

ዱብ ዱብ። ጸሎቱን ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ዓይኗን በመስታወቱ ፈለግሁት፣ ተገልጦ ነበር። መንገዱ ቁልቁል እየወሰደን፣ ከሥራችን ወንዙ ግማሹ በረዶ ግማሹ ጥቁር ውኃ ሆኖ፣ ከላዩ እንፋሎት እየተነሳ፣ ወዲያ ማዶ የከተማው ጭስ ቀጥ ብሎ እየወጣ፣ ሁሉም ነገር በጣም ቀስ ብሎ ያልፍ ነበር፣ ወይም እሷ ነበረች በጣም ቀስ ብላ የምትነዳው።

«ወይኔ!» አለች። «እንዲህ ሰፊ ነው እንዴ?»

ዕድሜዋን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና የተሻገረችውን ወንዝ ያየችው ያኔ ነው። ዞሬ ወደ ኋላ ተመለከትሁ፤ አባዬ መንገዱ መሐል እንደቆመ ነበር፣ ብርቱካንማ ነጥብ እስኪሆን ድረስ አየሁት፤ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

የመጨረሻውን ዱብ እንዳለፍን እማዬ ዳር ይዛ ቆመች፣ ግንባሯን መሪው ላይ አስደግፋ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ፣ ድስቱን ግን አለቀቅሁም። «ገንፎው!» ብላ ቀና አለችና ነዳች። ገነት በሩን ስትከፍት ማን እንደነዳ ለማየት ከእማዬ ጀርባ ኮሪደሩን ትፈልግ ነበር፤ ከእኔ በቀር ሰው እንደሌለ ባየች ጊዜ፣ አራስነቷን ረስታ እልል አለች። ገንፎው ምላስ ያቃጥል ነበር።

በማግስቱ ማታ አባዬ እራት ላይ ተቀምጦ እንጀራውን ሲቆርስ እማዬ «ድልድዩ እንዴት ዋለ?» አለችው። ቀና ብሎ አያት። «የእውነትሽን ነው?» «ንገረኝ እንጂ!» ከዚያ ጀመረ፣ ስለ ዝገቱ፣ ስለ ስንጥቁ፣ ስለ እርግቡ ኩስ፣ እንጀራው በእጁ እስኪደርቅ። እሷም እያኘከች አዳመጠችው። ከዚያ ወዲህ እሷ ነድታ ድልድይ በምንሻገርበት ጊዜ ሁሉ አባዬ ጎኗ ተቀምጦ መዳፉን ይዘረጋል፣ እሷ ቆሎ ታፈስለታለች፣ እሱ የሚባለውን ይላል።

ይህ ሁሉ ድሮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ጋሼ ሙሉጌታ ከተማ ሄጄ ነበር። ጎጆዎቹ ሁሉ ተነስተዋል፤ ድልድዩ አፍ ላይ ካሜራ ተሰቅሎ ታርጋ ያነባል፣ ሂሳቡ በኋላ ይመጣል። እንደሚባለው መንገዱ ፈጥኗል፤ እኔም እየቸኮልሁ ስለነበር ጠቅሞኛል። ግን እዚያ ስደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ መስኮቴን አወረድሁ፣ ነፋስ ብቻ ገባ።

አባዬ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ኩላሊቱ ስለደከመ በሳምንት የተወሰነ ቀን ማዶ ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳል፣ የምትወስደው እማዬ ናት። እኔም ሥራ በማይኖረኝ ቀን ከኋላ፣ የድሮ ቦታዬ ላይ፣ እቀመጣለሁ። አሁን ወሬ የምታወራው እሷ ናት፤ እሱ አንገቱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ያንቀላፋል። ቆሎ መቆርጠም ጥርሱ አይችልም። ቢሆንም ድልድዩ አፍ ላይ ስንደርስ መዳፉ ይዘረጋል፣ እሷም ታፈስለታለች፣ እሱ «በሰላም ያሻግርሽ» ብሎ ጨብጦት ይሻገርና ማዶ ሲደርስ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ኪሱ ቆሎ በቆሎ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚያ ስንደርስ መዳፉ አልተዘረጋም። አንቀላፍቶ ነበር። እማዬ የመጨረሻዋ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ ዳር ይዛ የአደጋ መብራቱን አበራችና ቆመች። ከኋላችን አንድ መኪና ጥሩምባውን ነፋ፣ ዞሮንም አለፈ።

«እማዬ፣ ቀጠሮው ይረፍድብናል» አልኋት። «ምን ሆነሽ ነው? ነፋስ አለ?»

«ምን ነፋስ?» አለች። ከረጢቱን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየች ነበር። «ገና አላለኝም።»

ሁለታችንም ድልድዩ አፍ ላይ፣ ሞተሩ እንደበራ፣ እስኪነቃ ጠበቅነው።